ሀገራት በጦር ሰው ሰራሽ አስተውሎት ሲሽቀዳደሙ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኮዬ ፈጬ እስከ ሱሉልታ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ቀናቱም ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ሰራሽ አስተውሎት ጦር ሜዳ ገባ ሲባል ሮቦት ወታደር መጣ ማለት ነው?

አይደለም። ሰው መስሎ ጠመንጃ ይዞ የሚሮጥ ማሽን እስካሁን በአብዛኛው የፊልም ነገር ነው። ጦር ውስጥ የገባው ሥራው የቢሮ ሥራ የሚመስል ሶፍትዌር ነው። ድሮን የቀረጸውን የብዙ ሰዓት ቪዲዮ አይቶ «ይሄ መኪና፣ ይሄ ሰው» ብሎ ይለያል፤ የተጠለፈ የሬዲዮ ንግግር ያጣራል፤ የትኛው መለዋወጫ መቼ እንደሚያልቅ ይገምታል፤ ሊመቱ ይችላሉ የሚላቸውን ቦታዎች ዝርዝር ያወጣል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ2017 «ፕሮጀክት ሜቨን»ን የጀመረው ድሮኖቹ የሚልኩት ቪዲዮ በዝቶ ተንታኞቹ አይተው መጨረስ ስላቃታቸው ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበው ሰው ሳያረጋግጥለት ኢላማውን መርጦ የሚመታው መሣሪያ ነው፤ ራስ ገዝ መሣሪያ የሚባለው እሱ ነው። ነገሩ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። የተቀበረ ፈንጂም የረገጠው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። አዲሱ ነገር ፈንጂው መብረርና መፈለግ መጀመሩ ነው።

ሰርግ ላይ ከሚበረው ድሮን በምን ይለያል?

በአካሉ ብዙም አይለይም። ሞተር፣ ፕሮፔለር፣ ሊቲየም ባትሪ፣ ካሜራና የሬዲዮ መቀበያ ሁለቱም አላቸው። በዩክሬን ጦርነት ሁለቱም ወገን በብዛት የሚጠቀሙባቸው ትንንሽ ድሮኖች ገበያ ላይ ከሚገኝ ዕቃ የተገጣጠሙ ናቸው፤ የአንዱ ዋጋ በጥቂት መቶ ዶላር ይቆጠራል። አብራሪው ዓይኑ ላይ ባደረገው መነጽር የካሜራውን ምስል እያየ ይነዳቸዋል።

ልዩነቱ የሚመጣው የሬዲዮ ሞገዱ ሲታፈን ነው። ጠላት ሞገዱን ሲያፍነው የአብራሪው ምስል ይጠፋል፤ ድሮኑም መንገድ ላይ ይቀራል። ለዚህ ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ ድሮኑ ላይ ትንሽ ኮምፒዩተር መግጠም ነው። አብራሪው ከሩቅ ኢላማውን ያሳየዋል፤ የመጨረሻውን ጥቂት መቶ ሜትር ሶፍትዌሩ ራሱ ይጨርሳል። ራስ ገዝነት ብዙ ጊዜ የሚገባው እንዲህ ነው። «ውሳኔውን ለማሽን እንስጥ» ብሎ የተሰበሰበ ማንም የለም፤ አንድ ቴክኒካዊ ችግር ሲፈታ ሰውዬው ከመንገዱ አንድ እርምጃ ወጣ፣ በሚቀጥለው ችግር ሌላ እርምጃ ይወጣል።

እሽቅድድሙ የማን ከማን ነው?

ፊት ያሉት አሜሪካና ቻይና ናቸው። ቻይና በ2017 ባወጣችው ብሔራዊ ዕቅድ በ2030 በዘርፉ የዓለም መሪ ለመሆን አልማለች። አሜሪካ በጥቅምት 2022 የተራቀቁ ቺፖች ወደ ቻይና እንዳይሸጡ ገደብ ጣለች፤ በነሐሴ 2023 ደግሞ «ሬፕሊኬተር» በሚል ስም በሺዎች የሚቆጠሩ ርካሽ ራስ ገዝ መሣሪያዎችን ከ18 እስከ 24 ወር ውስጥ ለማሰማራት ማቀዷን አስታወቀች፤ የተሰጠውም ምክንያት የቻይና የቁጥር ብልጫ ነበር። የሩሲያው ፕሬዝዳንት ፑቲን በ2017 በትምህርት መክፈቻ ቀን ለተማሪዎች ሲናገሩ በዚህ መስክ የሚመራ የዓለም ገዥ ይሆናል ብለዋል። እስራኤል፣ ቱርክ፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ብሪታንያና ሕንድም አሉበት።

ቱርክን ለብቻዋ ማንሳት ተገቢ ነው። መካከለኛ አቅም ያለው ሀገር ድሮን ሠርቶ ለብዙ ሀገር መሸጥ እንደሚችል አሳይታለች፤ ደንበኞቿም አፍሪካ ውስጥ ብዙ ናቸው።

ድሮኑ አዛዡን ራሱን ገደለ የሚለው ወሬ እውነት ነው?

አልሆነም። በ2023 አንድ የአሜሪካ አየር ኃይል ኮሎኔል ለንደን ውስጥ በተካሄደ ጉባኤ ላይ የተናገሩት ነው፦ ኢላማ በመታ ቁጥር ነጥብ የሚያገኝ፣ በሙከራ ላይ የነበረ ሶፍትዌር «አትምታ» የሚለውን አዛዥ ነጥብ እንዳያስጥለው አጠፋው የሚል። አየር ኃይሉ እንዲህ ያለ ሙከራ አልተደረገም አለ፤ ኮሎኔሉም በአነጋገራቸው መሳሳታቸውን፣ ያወሩትም ቢሆን ይሆናል ተብሎ የታሰበ እንጂ የተደረገ ነገር እንዳልሆነ ገለጹ። ማስተባበያው ግን እንደ ወሬው አልሮጠም። ቴሌግራም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርሳችሁ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የት፣ መቼ፣ ማን አረጋገጠው። ሦስቱም ከሌሉ ለሌላ ሰው አታስተላልፉት።

የጦር መሣሪያ ውድድር ድሮም ነበረ። ይሄ በምን ይብሳል?

ኑክሌር ቦምብ የሚሠራ ሀገር ዩራኒየም ማበልጸጊያ ያስፈልገዋል፤ ፋብሪካው ትልቅ ነው፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ በሳተላይት ይታያል። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ስምምነት መፈራረም የቻሉት ሚሳይል የሚቆጠር ነገር በመሆኑ ነው። ሶፍትዌር አይቆጠርም። ዛሬ ሰው ካልፈቀደ የማይተኩስ መሣሪያ ነገ በአንድ ማሻሻያ ያለ ፈቃድ የሚተኩስ ይሆናል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ብረቱ ያው ነው። ስልካችሁ ሌሊት ቻርጅ ላይ እያለ ራሱን እንደሚያድሰው ማለት ነው።

መቁጠር ካልተቻለ ደግሞ መገመት ይመጣል፤ ግምት በፍርሃት ያብጣል። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካውያን ሶቪየት በሚሳይል ቁጥር ጥላን ሄደች ብለው ተጨነቁ፤ የፕሬዝዳንት ምርጫ ክርክርም ሆነ። የስለላ ሳተላይት ምስል ሲመጣ የሶቪየት አህጉር አቋራጭ ሚሳይሎች በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ተገኙ። በመሃል ግን አሜሪካ ባልነበረው ጥላ ላይ ተመሥርታ ብዙ ሚሳይል አዝዛለች። ዛሬ ያን ጥላ የሚገፍ ሳተላይት የለም።

አደገኛው መሣሪያው ነው እንጂ ፉክክሩ ምን አደረገ?

ፉክክር የሚያመጣው ጥድፊያን ነው። ጥድፊያ ከሁለት ቦታ ጊዜ ይወስዳል፦ መሣሪያው ከመውጣቱ በፊት ከሚሞከርበት፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሰው ቆም ብሎ ከሚያስብበት። ከዚህ በታች የተዘረዘረው ችግር አብዛኛው ከነዚህ ከሁለቱ የሚመነጭ ነው።

ለምሳሌው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ስድስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ጊምቢቹ ወረዳ ውስጥ ወደቀ፤ 157 ሰው አለቀ። የጦር አውሮፕላን አልነበረም። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌሩም ሰው ሰራሽ አስተውሎት አይደለም፣ ቀላል አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ነው። ግን እሽቅድድም ምን እንደሚሠራ አንድ በአንድ ያሳያል። ኤርባስ ነዳጅ ቆጣቢውን ኤ320 ኒዮ ይዞ ገበያ ሲገባ ቦይንግ አዲስ አውሮፕላን መንደፉን ትቶ የቀድሞውን 737 ትልቅ ሞተር ገጠመለት። ሞተሩ የአውሮፕላኑን ጠባይ ስለቀየረው አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋ ሶፍትዌር ታከለበት። አፍንጫው ላይ ግራና ቀኝ አውሮፕላኑ አየሩን በምን ማዕዘን እንደሚገጥም የሚለካ ሁለት ሴንሰር አለ፤ ሶፍትዌሩ ግን በአንድ ጊዜ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። አብራሪዎች ተጨማሪ የሲሙሌተር ሥልጠና አያስፈልጋቸውም ተብሎ ለአየር መንገዶች ስለተሸጠ የሶፍትዌሩ ነገር መመሪያው ላይ አልተነገራቸውም። ጥቅምት 2018 ኢንዶኔዥያ ውስጥ በዚሁ ምክንያት 189 ሰው ከሞተ በኋላም አውሮፕላኑ መብረሩን አላቆመም። የኛዎቹ አብራሪዎች የተሳሳተውን ሴንሰር ከሚያምን ሶፍትዌር ጋር እየታገሉ ወደቁ።

አሁን ያንኑ ነገር ወደ ጦር ውሰዱት። በሲቪል አቪዬሽን ጥቁር ሳጥን አለ፣ የብዙ ሀገር መርማሪ አለ፣ ሪፖርት ይታተማል፣ አውሮፕላኑም ለ20 ወር ያህል ከሰማይ ታግዷል። በጦር መሣሪያ ውስጥ ስህተቱ ምስጢር ነው፤ መርማሪው ራሱ ባለቤቱ ነው፤ «ይታገድ» ቢባል «ጠላት እኮ አላገደም» ይባላል። በዚያ ላይ ሴንሰሩን ሆን ብሎ የሚያታልል ሰው ሌት ተቀን ይሠራል፤ ቢሾፍቱ ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም።

ማሽን ይሳሳታል እሺ፤ ሰውስ አይሳሳትም?

ይሳሳታል፣ አንዳንዴ ማሽኑ ትክክል ሆኖ ሳለ። ሐምሌ 3 ቀን 1988 ቪንሰንስ የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ የኢራንን የመንገደኞች አውሮፕላን መትታ 290 ሰው ገደለች። የመርከቧ ኮምፒዩተር አውሮፕላኑ ከፍታ እየጨመረ መሆኑን መዝግቦ ነበር፤ በውጊያ ጭንቀት ውስጥ የነበሩት ባሕርተኞች ግን እየወረደባቸው ያለ ተዋጊ ጄት አድርገው አዩት። ስለዚህ «ሰው ካለበት ይበቃል» የሚለውም፣ «ማሽን ይሻላል» የሚለውም ብቻውን ውሃ አያነሳም።

ልዩነቱ ስህተቱ የሚራባበት መንገድ ነው። አንድ ወታደር ሲሳሳት ስህተቱ የእሱ ነው፤ ጎኑ ያለው ወታደር ላይሳሳት ይችላል። ሶፍትዌር ሲሳሳት ቅጂው የተጫነበት ሁሉ በአንድ ዓይነት ይሳሳታል። ደግሞ ስህተቱ እዚህ ግባ የማይባል ነገር ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። የካቲት 25 ቀን 1991 ሳዑዲ አረቢያ ዳህራን ላይ የነበረ የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል የኢራቅን ስከድ ሚሳይል ሳያስቆመው ቀርቶ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። ምክንያቱ ሰዓት ነበር። ኮምፒዩተሩ ጊዜን በሴኮንድ አሥረኛ ይቆጥራል፤ አንድ አሥረኛ ግን በኮምፒዩተር የቁጥር አጻጻፍ እስከ መጨረሻው ተጽፎ አያልቅምና ጫፉ ይቆረጣል። ያች ቁራጭ ማሽኑ 100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ሲሠራ 0.34 ሴኮንድ ሆነች። ስከድ በዚህ ጊዜ ከ500 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ራዳሩ የተሳሳተ ቦታ ሲፈልግ ሚሳይሉ አለፈ። የተስተካከለው ሶፍትዌር ዳህራን የደረሰው በማግስቱ ነው።

በ2003ቱ የኢራቅ ጦርነት ደግሞ ያው ፓትሪዮት በተቃራኒው ጎን ተሳሳተ። የብሪታንያን ቶርኔዶ ጄት የጠላት ሚሳይል ነው ብሎ ሁለቱን የበረራ ሠራተኞች ገደለ፤ ከቀናት በኋላ የአሜሪካን ኤፍ 18 መታ። ስክሪኑ «ሚሳይል» ሲል፣ ለመወሰን ያለው ጊዜ ጥቂት ሲሆን፣ «አይደለም» ብሎ የሚከራከር ሠራተኛ አይገኝም።

ከሰማይ ሆኖ ሲያየን ምን ያያል?

ያሠለጠኑትን ያያል። ምስል የሚለይ ሶፍትዌር የሚማረው ሰው ምልክት ካደረገባቸው ብዙ ፎቶዎች ነው፤ ፎቶዎቹ የሌላ ሀገር በረሃና መንገድ ከሆኑ የኛን ኑሮ አያውቅም። ከእንጦጦ ረዥም የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክማ አጎንብሳ የምትወርድ ሴት ከ3,000 ሜትር ላይ ምን ትመስላለች? ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን የሰቀለበት እረኛስ? አጣና የጫኑ አህዮች ተከታትለው ወደ ሰንዳፋ ሲገቡ፣ ጥምቀት ላይ ታቦት አጅቦ የሚሄድ ሕዝብ፣ ሌሊቱን መብራት የማይጠፋበት የለቅሶ ድንኳን፦ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው በአንድ እይታ የሚለየውን ሶፍትዌሩ «ረዥም ነገር የያዘ ሰው»፣ «ኮንቮይ»፣ «ያልተለመደ ስብስብ» ሊለው ይችላል።

«99 በመቶ ትክክል ነው» የሚባለውንም አስሉት። 1,000,000 ነዋሪ ያለበት አካባቢ እንውሰድ፤ ከእነሱ 100 ሰው ታጣቂ ነው እንበል። ሶፍትዌሩ ከ100ው 99ኙን ያገኛል። ከቀሪው 999,900 ንጹሕ ሰው ላይ ደግሞ አንድ በመቶ ይሳሳታል፤ 9,999 ሰው ማለት ነው። በዝርዝሩ ላይ ካለው 10,098 ስም እውነተኛው ታጣቂ 99 ብቻ ነው፣ ከመቶ አንድ ገደማ። ቁጥሩ ለምሳሌ የተወሰደ ነው፤ ሂሳቡ ግን የሚፈለገው ሰው ጥቂት፣ የሚታየው ሕዝብ ብዙ በሆነበት ሁሉ ይሠራል።

ማታለልም ቀላል ነው። በ2017 ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንድን ፕላስቲክ ኤሊ ቀለም ጥቂት ለውጠው የጎግልን ምስል ለዪ ሶፍትዌር «ጠመንጃ» አሰኝተውታል። ሕፃን ልጅ እንኳ ኤሊ ነው ይል ነበር።

«የመጨረሻውን ትእዛዝ የሚሰጠው ሰው ነው» ይላሉ። ይሄ አያረጋጋም?

ዝርዝሩን ሳይሰሙ አይረጋጉ። ሰው «አለበት» የሚባልበት ሁኔታ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ነው፦ ሰው ካልፈቀደ የማይተኩስ፣ ሰው ካላስቆመው የሚተኩስ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በእጅጉ ይለያል፤ ማስቆሚያው ጊዜ አሥር ሴኮንድ ከሆነ ሰውዬው ተመልካች ነው። የአሜሪካ መከላከያ በ2012 አውጥቶ በ2023 ያሻሻለው 3000.09 የተባለ መመሪያ ራሱ የሚለው ኃይል በሚወሰድበት ጊዜ «ተገቢ የሆነ» የሰው ፍርድ ይኑር ነው፤ ሰው እያንዳንዱን ምት ያጽድቅ አይልም። «ተገቢ» የምትለዋ ቃል ሰፊ ናት።

ማንም መንግሥት ይሁን ማንም ኩባንያ ይህን ቃል ሲሰጥ የሚጠየቁት ነገሮች እነዚህ ናቸው። ለአንድ ውሳኔ ስንት ደቂቃ አለው? የሚያየው ጥሬ ምስሉን ነው ወይስ ማሽኑ የጻፈውን መደምደሚያ? በቀን ስንት ያጸድቃል? ከዚያ ውስጥ ስንቱን «አይሆንም» አለ? «አይሆንም» ያለ ሰው አለቃው ምን ይለዋል? መቶ ቀርቦለት መቶውን የሚያጸድቅ ሰው ማኅተም እንጂ ዳኛ አይደለም።

ለፍትሐዊነት አንድ ነገር መጨመር አለበት። መርከብን ከሚመጣባት ሚሳይል የሚከላከል አውቶማቲክ መድፍ ከ1980 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ ፍጥነቱ ለሰው ጣት ፋታ አይሰጥም። እዚያ ላይ ኢላማው ባሕር ላይ የሚበር ብረት ነው። ሰው በሚኖርበት መንደር ላይ ያንኑ ሰበብ ማምጣት ሌላ ነገር ነው።

የሁለት ሀገር ማሽኖች ፊት ለፊት ቢገጥሙስ?

ከአክሲዮን ገበያ ፍንጭ አለ። ግንቦት 6 ቀን 2010 የኒውዮርክ ገበያ ላይ ፈጣን የመሸጫ ፕሮግራሞች አንዱ ሌላውን እያየ ሲሸጥ ዳው ጆንስ የተባለው ዋናው የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ በደቂቃዎች ውስጥ በ1,000 ነጥብ ያህል ወርዶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አብዛኛውን መልሶ አገኘ። ማንም እንዲወርድ አላዘዘም። ገበያ ላይ ግብይት የሚያቆም ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ የተሳሳተ ሽያጭም ይሰረዛል። ድንበር ላይ የተተኮሰ ሚሳይል አይሰረዝም፤ ሁለቱን ማሽኖች በአንድ ላይ የሚያጠፋ ሦስተኛ ወገንም የለም።

ኑክሌር ጋ ቢገባስ?

ከባዱ ስጋት እዚህ ነው፤ የድሮው መዝገብ ስለሚያስፈራ። በኅዳር 1979 የአሜሪካ የአየር መከላከያ ማዕከል ስክሪኖች ግዙፍ የሶቪየት ጥቃት አሳዩ፤ የሥልጠና ፕሮግራም ዋናው ሥርዓት ውስጥ ገብቶ ነበር። በሰኔ 1980 ደግሞ አንዲት የተበላሸች ርካሽ ቺፕ ያንኑ ደገመች። መስከረም 26 ቀን 1983 የሶቪየት ሳተላይቶች አምስት የአሜሪካ ሚሳይል ተነስቷል አሉ፤ የደመና ላይ የፀሐይ ነጸብራቅ ነበር። ተረኛው መኮንን ስታኒስላቭ ፔትሮቭ «ጦርነት የሚጀምር ሰው በአምስት ሚሳይል አይጀምርም» ብሎ አመዛዝኖ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ነው ሲል ሪፖርት አደረገ። ሥርዓቱ የሚያውቀው የሳተላይት ምልክትን ነው፤ «ማን እንዲህ ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከሰውዬው ነው።

አህጉር አቋራጭ ሚሳይል ለመድረስ 30 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፣ ከባሕር ሰርጓጅ የተተኮሰ ከዚያ ያነሰ። ከዚያ ላይ ለማየት፣ ለማረጋገጥና ለመሪው ለመንገር የሚሄደው ሲቀነስ መሪው የሚያስብበት ጥቂት ደቂቃ ነው። ማሽኑ ይህን ያፋጥናል የሚሉ አሉ። የተፋጠነው ግን ማሰቢያውም ሊሆን ይችላል። በኅዳር 2024 የወቅቱ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ባይደንና የቻይናው ሺ ጂንፒንግ ሊማ ላይ ሲገናኙ ኑክሌር የመጠቀም ውሳኔ በሰው እጅ መቆየት እንዳለበት ተስማምተዋል። ስምምነቱ ቃል ነው፤ ማረጋገጫ ሥርዓት የለውም። ሆኖም ቃሉ ከምንም ይሻላል፣ ከዚያ በፊት በሁለቱ መካከል እሱም አልነበረም።

ሕግ የለም እንዴ?

የጦርነት ሕግ አለ። ሲቪልና ወታደርን መለየት፣ ከሚገኘው ወታደራዊ ጥቅም የበለጠ ጉዳት አለማድረስ ለማንኛውም መሣሪያ ይሠራሉ። ለራስ ገዝ መሣሪያ ተብሎ የተለየ አስገዳጅ ስምምነት ግን የለም። ሀገራት ጄኔቭ ላይ ከ2014 ጀምሮ ይነጋገራሉ፤ አሠራሩ በሙሉ ስምምነት ስለሆነ አንድ ሀገር እጁን ካነሳ ነገሩ ይቆማል። ስለዚህ ጉዳዩ ወደ ተመድ ጠቅላላ ጉባኤም ሄደ፦ በታኅሣሥ 2023 በ152 ድጋፍና በ4 ተቃውሞ፣ በታኅሣሥ 2024 በ166 ድጋፍና በ3 ተቃውሞ ውሳኔ አለፈ። ተቃዋሚዎቹ በሁለተኛው ጊዜ ሩሲያ፣ ቤላሩስና ሰሜን ኮሪያ ነበሩ። የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ግን አያስገድድም። ዋና ጸሐፊው ጉቴሬዝ በ2023 እስከ 2026 አስገዳጅ ስምምነት እንዲኖር ጠይቀው ነበር።

«አይሆንም» ብሎ ተስፋ መቁረጥም ልክ አይደለም። ዓይን የሚያሳውር ሌዘር በ1995 ጦር ሜዳ ላይ ሳይስፋፋ ተከልክሏል። ፀረ ሰው ፈንጂን የከለከለው የ1997ቱ የኦታዋ ስምምነት ትልልቆቹ ሳይገቡበት ጸድቋል፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። አስቸጋሪው የሚከለከለውን ነገር ስም ማውጣት ነው፤ ፈንጂን በዓይን ታየዋለህ፣ የአንድ ሶፍትዌር ቅንብርን ግን አታየውም።

እኛ ቺፕ አንሠራ፣ ሚሳይል አንሠራ፤ ምን አገባን?

ያገባናል፤ የሚሠሩት ሀገሮች መሣሪያቸውን የሚፈትኑት ብዙ ጊዜ በራሳቸው ሰፈር አይደለም። የተመድ ባለሙያዎች ቡድን በ2021 ባወጣው ሪፖርት በ2020 ሊቢያ ውስጥ ካርጉ 2 የተባለ የቱርክ ድሮን ወደ ኋላ በሚያፈገፍጉ ተዋጊዎች ላይ መዋሉን፣ ከአብራሪ ጋር ሳይገናኝ ለማጥቃት ተዘጋጅቶ እንደነበር ጽፏል። ያለ ሰው ትእዛዝ ሰው ስለመግደሉ አልተረጋገጠም፤ ቦታው አፍሪካ መሆኑ ግን ግልጽ ነው።

በሀገራችንም በሰሜኑ ጦርነት ድሮን መዋሉን የማያውቅ የለም። በርቀት ሰው የሚነዳቸውን ዓይነት ከራስ ገዞቹ ጋር መቀላቀል አይገባም፤ ጉዳቱ ስለሚያንስ ሳይሆን የሚጠየቀው ሰው ስላለ ነው። ድርድሩም ሩቅ አይደለም። የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ደህንነት ምክር ቤት የሚሰበሰበው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ኅብረቱ በ2024 አህጉራዊ የሰው ሰራሽ አስተውሎት ስትራቴጂ አጽድቋል። ኒውዮርክ ላይ ሲቆጠር አፍሪካ ከሃምሳ በላይ ድምፅ አላት።

ሁሉም ሲሠራ እኛ ብንቆም ወደኋላ ቀርተን አንበላም?

ጥያቄው የዋህ አይደለም፤ ታሪካችንም አለበት። ዓድዋ ላይ የነበረውን ጠመንጃና መድፍ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ማይጨው ላይ ያልነበረውን አውሮፕላን የሚያስታውስ ሰው እንዲህ ማለቱ አይገርምም። መከላከያ የሌለው ሀገር ይጠቃል፤ ድሮን ማየትና ማክሸፍ መቻል፣ የራስን መረጃ መጠበቅ፣ ባለሙያ ማፍራት ያስፈልጋል።

ነገር ግን «አለመቅረት» እና «ጥንቃቄውን መጣል» አንድ አይደሉም። ያልተፈተነ መሣሪያ ይዞ ቀድሞ የደረሰ ሀገር የደረሰው ራሱ ላይ ሊሆን ይችላል፤ የ2003ቱ ፓትሪዮት የመታው የወዳጅን አውሮፕላን ነበር። ለገዢ ሀገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሶፍትዌሩ የሻጩ ነው፤ ማሻሻያው፣ የምስል ዳታው፣ አንዳንዴም ማጥፊያው በሻጩ እጅ ነው። እሽቅድድም ውስጥ የገቡ መስሏቸው የሌላው ፈረስ ላይ የተቀመጡ ይኖራሉ።

ልጄ ኮምፒዩተር ሳይንስ ይማራል፤ ሳያውቅ የጦር ሥራ ሊሠራ ይችላል?

ይችላል። ዘርፉ የሚበላው ምልክት የተደረገበት ምስል ነው፤ ምልክት የማድረጉ ሥራ ደግሞ ርካሽ ጉልበት ወዳለበት ይሄዳል። ሥራው ቀላል ነው፦ ከላይ የተነሳ ፎቶ ይመጣል፣ በመኪናው ዙሪያ ሳጥን ይሳላል፣ «መኪና» ተብሎ ይጻፋል፣ ቀጣዩ ይመጣል። ፎቶው ለትራፊክ ጥናት፣ ለግብርና ወይም ለኢላማ ፍለጋ እንደሆነ ከሳጥኑ አይታወቅም።

ከመፈረሙ በፊት የሚጠይቀው፦ የመጨረሻው ደንበኛ ማነው? ምስሉ ከየት ከፍታ ተነሳ? ከሚለዩት ነገሮች መሃል «የታጠቀ ሰው» ወይም «ወታደራዊ ተሽከርካሪ» አለ? ምስጢር ጠብቅ የሚለው አንቀጽ ለቤተሰብም አትናገር ይላል? መልስ ካልተሰጠው እሱም መልስ ነው። በ2018 የጎግል ሠራተኞች በሺዎች ሆነው ፈርመው ኩባንያው ከላይ በተነሳው ፕሮጀክት ሜቨን ውስጥ የነበረውን ውል እንዳያድስ አድርገዋል። እነሱ ግን ሌላ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ሰፊ ነበር፤ ጣፎ ላይ ቤት ኪራይ የሚጠብቀው ልጅ ያንን ያህል ነጻነት የለውምና ጥያቄውን አስቀድሞ ቢያነሳ ይሻለዋል።

ማሽን በስህተት ሰው ቢገድል ማን ይጠየቃል?

ማሽን አይከሰስም። አዛዡ «እኔ ያሰማራሁት እንጂ ያንን ሰው አልመረጥኩም» ይላል፤ ፕሮግራም የጻፈው «ውጊያ ላይ አልነበርኩም» ይላል፤ ሻጩ «ከመመሪያው ውጭ ተጠቅመውበታል» ይላል። ሦስቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ የሟቹ ቤተሰብ በመሃል ይቀራል። በሕግ አነጋገር መንግሥት ለጦሩ ድርጊት ኃላፊ ነው፤ ያንን ግን በማስረጃ ማሳየት ይጠይቃል፣ ማስረጃው ደግሞ የማሽኑ መዝገብ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ አንቀጽ አለ። የ1977ቱ የጄኔቭ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንድ አንቀጽ 36 አዲስ መሣሪያ የሚሠራ ብቻ ሳይሆን የሚገዛም ሀገር ከመቀበሉ በፊት ሕጋዊነቱን እንዲመረምር ያስገድዳል። ስለዚህ ገዢ ሀገር ውሉ ላይ ሊያስገባቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ፦ መሣሪያው በማን ምስል እንደሠለጠነ ይገለጽ፤ በእኛ መልክዓ ምድር፣ በክረምት ጭጋግና በበጋ አቧራ፣ ሰው በሚኖርበት ሰፈር ይፈተን፤ እያንዳንዱ ውሳኔ ከነሰዓቱና ከነምስሉ ይመዝገብ፤ መዝገቡ ሊሰረዝ የማይችልና በገዢው እጅ የሚቀመጥ ይሁን፤ ሻጩ ሶፍትዌሩን ባደሰው ቁጥር ፈተናው እንደገና ይደረግ። ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከረው በመጨረሻው ላይ ነው፤ ወጪው እዚያ ላይ ስለሆነ።